የኮራል አኳሪየም እንደገና ለመጀመር፦ አዲስ አበባ ላይ ከየት ይጀመራል?

የጨው ውሃ አኳሪየም ኖሯችሁ የተዋችሁት ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ልጅ ተወለደ፣ ቤት ተቀየረ፣ ወይም ጨው ማስመጣቱ ቅንጦት ሆነ፤ ብቻ አንድ ቀን ውሃው ተደፋና ገንዳው ሰርቪስ ቤት ገባ። አሁን ልባችሁ ተመልሷል። ጀማሪ ስላልሆናችሁ ሳምፕ (ከሥር ያለው ሁለተኛ ገንዳ) ምንድነው፣ ስኪመር (ቆሻሻውን በአየር አረፋ የሚያወጣው ዕቃ) ምን ይሠራል የሚለውን እዘለዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበላችሁ። ሰው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ብርሃንና ኮራል ነው፣ ስልኩን ከፍቶ የኮራል ፎቶ ሲያገላብጥ ያመሻል። አዲስ አበባ ላይ ግን መጀመሪያ የሚፈታው የኤሌክትሪክ ነገር ነው፣ ከዛ ውሃ፣ ከዛ አየር። እነዚህ ሦስቱ ካልተያዙ የቀረው ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ቅደም ተከተሉንም በዚሁ ሠርቼዋለሁ።

ከቆማችሁ ወዲህ ምን ተቀየረ

አስር ዓመት አካባቢ ከሆናችሁ ብዙ ነገር ቀሏል። ያ ክፍሉን የሚያግለው ሜታል ሃላይድ አምፖል ቦታውን ለኤልኢዲ ለቋል። ፓምፖቹ ዲሲ (በባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚሠሩ) ሆነዋል፤ ይህ ለእኛ ለምን ትልቅ ዜና እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ። ከባሕር ከነባክቴሪያው የወጣ ሕያው ድንጋይ ከማስመጣት ይልቅ ደረቅ ድንጋይና በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ተለምዷል። ክላውንፊሽ የሚባለውን ዓሣ ማራባት ድሮም ነበር፣ አሁን ግን ቢጫዋ ታንግ የምትባለው ዓሣ እንኳ ሳትቀር በ2015 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ላይ በሰው እጅ ተራብታለች።

ከሁሉ በላይ የተቀየረው አስተሳሰቡ ነው። ድሮ ከዓሣው ቆሻሻና ከምግብ የሚመጡት ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ካልሆኑ እንቅልፍ አይወስደንም ነበር። አሁን ዜሮው ራሱ ችግር ነው። ሁለቱም ሲያልቁ ኮራሉ ይገረጣል፣ በባዶው ቦታ ላይ ደግሞ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው አረፋ ያዘለ ቡናማ ንፍጥ ይሰፍራል፣ እሱን ማስለቀቅ ደግሞ ከተራው አልጌ በብዙ ይከብዳል። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ይኑር። የድሮ ልማዳችሁ «ትንሽ ላጽዳው» ሲላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

ደረጃ 1፦ ሰርቪስ ቤት ያለውን ዕቃ ፈትሹ

ገንዳውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጡ፣ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ፣ እስከ አፉ ሙሉትና ሳምንት ይቆይ። ጠብታ ካለ ካርቶኑ ላይ ይታያል። የውስጡን ሲሊኮን በጥፍር ነካ አድርጉት፤ ከጠርዙ እየተላጠ የሚነሳ ከሆነ ተፍቆ እንደገና ይለጠፍ። የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ግን አይሆንም።

ፓምፖቹን ፈታታችሁ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሉና አንድ ሌሊት ዘፍዝፏቸው፣ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጉ። መሐላቸው ያለው ማግኔት አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ካያችሁ ጣሉት፣ ከውስጡ የሚወጣው ዝገት ለኮራል መርዝ ነው።

አሮጌ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) አትመልሱ። ጎማው ይደርቃል፣ ሪሌው በ«በራ» ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ያኔ ሁሉንም ይቀቅለዋል። ቴስት ኪት፣ መድኃኒትና ምግብም ጊዜው አልፏል፣ ይጣል። ድንጋይ የሆነ የጨው ከረጢት ካላችሁም እርጥበት ገብቶበት ካልሲየሙና ካርቦኔቱ እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል፣ ብትፈጩትም የድሮው ጨው አይሆንም።

መጠኑን በተመለከተ ደግሞ ትልቁን ገንዳ ከመመለሳችሁ በፊት የጨው ሒሳብ ሥሩ። ለአንድ ሊትር ከ36 እስከ 39 ግራም ይገባል። 250 ሊትር ለመሙላት ወደ 9 ኪሎ ተኩል፣ በየሳምንቱ አስር ከመቶ ስትቀይሩ ደግሞ አንድ ኪሎ፣ በዓመት 50 ኪሎ ገደማ። ይህን ሁሉ ከውጭ በሻንጣ ወይም በካርጎ ነው የምታመጡት። ለኔ ከ150 እስከ 200 ሊትር ልክ ነው። ፎቅ ላይ ከሆናችሁም ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ውሃ፣ መስታወት፣ ድንጋይና ማስቀመጫው ተደምረው 300 ኪሎ ይጠጋሉ፣ ስለዚህ ግድግዳ ጥግ፣ ኮለን አጠገብ ይሁን፣ ወለሉ መሐል አይሁን።

ደረጃ 2፦ መብራት ሲሄድ

መብራት ሲጠፋ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው። ብርዱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ 200 ሊትር ውሃ ሙቀቱን በአንዴ አይለቅም። ቀድሞ የሚገድለው የኦክስጅን እጥረት ነው። ፓምፑ ከቆመ የውሃው ገጽ አይነቃነቅም፤ ዓሣው፣ ኮራሉና ድንጋዩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን መተንፈሳቸውን አያቆሙም።

ስለዚህ ባትሪው ላይ የምትሰኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ። ሒሳቡን እዩት። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ 600 ቀረ። ትልቅ ዜና ያልኩት እዚህ ላይ ነው፦ 20 ዋት ብቻ የሚበላ የዲሲ ፓምፕ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተቀንሶ እንኳ አንድ ቀን ገደማ ይሄዳል። 200 ዋት ሂተር ብትሰኩበት ግን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ነው። ሂተሩን ተዉት። ገንዳውን ጎን ጎኑን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ጠቅልሉት፣ አናቱ ክፍት ይሁን፣ ምግብም አትስጡ። አቅም ካነሰ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሳ ባለባትሪ የአየር ፓምፕ አንድ ይኑራችሁ።

ሁሉም ከተገጣጠመ በኋላ፣ ገና ዓሣ ሳይገባ፣ እናንተው ሆን ብላችሁ መብራቱን አጥፉ። ከላይ ያለው ውሃ ወደ ሳምፕ ይወርዳል። የት ላይ ቆመ? ከጠርዙ ከተረፈ ጥሩ፤ ከፈሰሰ የሳምፑን ውሃ ቀንሳችሁ እንደገና ሞክሩ። ልክ ሲሆን ሳምፑ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉና ከዛ በላይ መቼም አትሙሉ። ታች ያለ ጎረቤት ጣሪያው ሲያንጠባጥብ የሚመጣው ሽማግሌ ይዞ ነው።

ቀሪው አጭር ነው። ስታቢላይዘር ግዴታ ነው፣ መብራት ሲመለስ የሚመጣበት ኃይል የፓምፕ አስማሚ ይጠብሳል። ሳልቫቪታ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠው መከላከያ) ይኑር፣ በየወሩም የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫኑት። ዲቫይደሩ ወለል ላይ አይተኛ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደታች ጎንበስ ይበል፣ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ወለል ላይ እንዲያርፍ።

ደረጃ 3፦ ውሃው ከየት ይመጣል

የከተማችን ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው የሚመጣው። የግድብ ውሃና የጉድጓድ ውሃ አንድ አይደሉም፣ ክሎሪኑም አለ፣ ያም ተራ ጠብቆ ሮቶ ውስጥ ከርሞ ነው ቧንቧችሁ የሚደርሰው። ስለዚህ ዲአዮናይዘር (የቀረውን ማዕድን የሚይዝ) ያለው የአርኦ (ውሃውን በግፊት በስስ ሜምብሬን የሚያሳልፍ) ማጣሪያ የግድ ነው። መውጫው ላይ ቲዲኤስ (በውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር) መለኪያው ዜሮ ማሳየት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ማጣሪያው ተገጥሞ ውሃ በጠብታ ብቻ ሲመጣ «ሜምብሬኑ ተበላሽቷል» ይላሉ። የጠፋው ግፊት ነው። ሜምብሬን ከ3 እስከ 4 ባር ይፈልጋል። ከጣሪያ ላይ ሮቶ የሚወርድ ውሃ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሦስት ፎቅ ታች ብትሆኑ ያው 1 ባር ነው። ማበልጸጊያ ፓምፕ ግዙ፣ ሌላ መላ የለውም። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲወጣ ሦስት አራት ሊትር ይጣላል፣ እሱን በባሊ ያዙት፣ ልብስም ሽንት ቤትም ይሆናል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የሚደፋ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ይጣላል።

ለማጠራቀሚያ ምግብ የሚያዝበት አዲስ ፕላስቲክ በርሜል ግዙ። ምናለሽ ተራ ርካሽ በርሜል ሞልቷል፣ ግን ትናንት ምን ይዞ እንደነበር ማንም አይነግራችሁም። የክረምት ዝናብም ያጓጓል፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ግን አትንኩት፤ የቆርቆሮው ዚንክ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይፈጃል። «የባትሪ ውሃ» ተብሎ የሚሸጠውም ለመኪና ባትሪ እንጂ ለዓሣ ታስቦ አልተዘጋጀም።

ደረጃ 4፦ ጨው መበጥበጥ

የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። እሱ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ አዮዲንም ተጨምሮበታል፤ የባሕር ውሃ ግን ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌትም አለው። ለሪፍ (ለኮራል ገንዳ) ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ያስፈልጋል።

ውሃውን መጀመሪያ 25 ዲግሪ አድርሱት፣ ፓምፕ ክተቱበት፣ ከዛ ጨውን ወደ ውሃው ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ውሃውን ጨው ላይ ካፈሰሳችሁት ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ጥቂት ሰዓት ዞሮ ሲጠራ ለኩ። ዒላማው በሺህ 35 ነው፣ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት) 1.026። የጨው መለኪያውን ሪፍራክቶሜትር በ35 ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ብቻ የተስተካከለ መለኪያ ላይኛው ላይ ሲደርስ ይሳሳታል። የተከፈተ የጨው ከረጢት በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ባልዲ ይቀመጥ።

በበጋ አየሩ ስለሚደርቅ ውሃው ቶሎ ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ የሚጨመረው ሁልጊዜ ከአርኦ የወጣው ጨው የሌለበት ውሃ ነው። አውቶማቲክ መሙያ መግዛት ከቻላችሁ ከብርሃኑ በፊት እሱን ግዙ።

ደረጃ 5፦ አየር፣ እዚህ ከተማ ላይ ሩቡ የለም

የትኛውም የውጭ መመሪያ የማይነግራችሁ ይህን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ የጨው ውሃ ሲጠግብ ወደ 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን በሊትር ይይዛል። ሳሎናችሁ ውስጥ ያው ውሃ የሚይዘው 5 ገደማ ነው። አንድም ዓሣ ሳይገባ ሩቡ ሄዷል ማለት ነው።

ስለዚህ «ለ200 ሊትር ስምንት ዓሣ» የሚል የኢንተርኔት ምክር ለእኛ አይደለም። አራት ወይም አምስት ትንንሽ ዓሣ ይበቃል። አንዱን ፓምፕ ወደ ላይ አዘንብሉት፣ የውሃው ገጽ ይነቃነቅ፤ ዝም ብሎ የሚያበራ መስታወት የመሰለ ገጽ ካያችሁ አልሆነም። የመስታወት ክዳን አውጡና ዓሣ እንዳይዘል መረብ ዘርጉ። ሙቀቱን 25 ላይ ያዙት፣ 27 ላይ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። የሚያስፈራው ሌሊቱ ነው፣ ብርሃን ሲጠፋ አልጌውም ኮራሉም ኦክስጅን መስጠቱን ትቶ መውሰድ ይጀምራል፤ ስለዚህ «ለድምፁ» ብላችሁ ማታ ፓምፕ አትቀንሱ።

የቡናው ነገር ደግሞ አለ። ስኪመር አየር የሚስበው ከክፍሉ ነው። በር ተዘግቶ ከሰሉ ተቀጣጥሎ እጣኑ ሲጨስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ጭሱም በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ፒኤቹም ይወርዳል፣ ማለትም ውሃው ወደ አሲድ ያዘነብላል። ቡናውን ማን ይከለክላል? የስኪመሩን የአየር ቱቦ አርዝማችሁ በመስኮት ወደ ውጭ አውጡት። በረንዳው ራሱ ከሰል የሚቀጣጠልበት ከሆነ ግን ወደ ሌላኛው ጎን ይሁን።

ሙቀት ላይ ዕድለኞች ነን፣ ማቀዝቀዣ አያስፈልገንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ግን ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አንድ 300 ዋት ሂተር ከመግዛት ሁለት 150 ዋት ግዙ፣ ሁለቱንም ከውጭ መቆጣጠሪያ ላይ ስኩ። አንዱ ቢሞት ሌላው ያቆያል፣ አንዱ ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ብቻውን አይቀቅልም።

ደረጃ 6፦ ድንጋይና ሳይክል

የድሮ ድንጋያችሁ ደርቆ ከቆየ ይጠቅማል፣ ግን በውስጡ የሞተ ነገርና ፎስፌት ተቀብሯል። ሽታ የሌለው፣ ምንም ያልተጨመረበት በረኪና አንድ እጅ ከአስር እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ጥቂት ቀን ዘፍዝፉት። ከዛ አጥባችሁ፣ ውሃ እየቀየራችሁ ዘፍዝፋችሁ፣ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅና የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ተዉት። አቼቶና በረኪና በአንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ድንጋዩ ላይ ድሮ ዞአንቲድ ወይም ፓሊቶአ የሚባል አበባ መሰል እንስሳ ነበረበት? ያኔ በፈላ ውሃ መቀቀል በፍጹም አይታሰብም። አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ በእንፋሎት ሲወጣ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ያስገባል። የድሮውን አሸዋ ጣሉት።

ሳይክል ማለት አሞኒያን የሚበላው ባክቴሪያ እስኪባዛ መጠበቅ ነው። ገንዳው ተሞልቶ ሲዞር አሞኒያ ወደ 2 ሚሊግራም በሊትር አድርሱና ባክቴሪያውን ጨምሩ። የጨመራችሁት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይትም ዜሮ ሲሆን አልቋል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያዙለት። በጠርሙስ ባክቴሪያ ሊያጥር ይችላል፣ ቴስቱ እንጂ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው አይወስንም። ቀጥሎ ቡናማ ዳያተም አልጌ፣ ከዛ አረንጓዴ ፀጉር መሰል አልጌ ይመጣል። በደረቅ ድንጋይ ሲጀመር ይህ ለወራት ይሄዳል፣ ታገሱት።

ደረጃ 7፦ ብርሃን

ኤልኢዲ ሲያዩት ደካማ ይመስላል፣ ሰማያዊ ስለሚበዛበት ዓይናችንን ያታልላል። በሠላሳ ከመቶ ጀምሩ፣ በቀን ከስምንት እስከ አስር ሰዓት፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ከመስኮት አርቁት፣ የበጋ ፀሐይ አልጌ ነው የሚያመርተው።

ደረጃ 8፦ የምትለኳቸው ቁጥሮች

አልካሊኒቲ (ውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት መጠን፣ በዲኬኤች ይለካል) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም ከ1,250 እስከ 1,350 ሚሊግራም በሊትር። ለስላሳ ኮራል ብቻ ካላችሁ የሳምንቱ ውሃ ቅየራ ይበቃል፣ ምንም አትጨምሩ።

ጠንካራ ኮራል (የድንጋይ አጽም የሚሠራው) ሲገባ ቀድሞ የሚወርደው አልካሊኒቲ ነው። ለእሱ ከሱቅ ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ይሆናል፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ስታርችና አሲድ አለበት፣ ባለሱቁ ደግሞ ሁለቱን «ያው ነው» ብሎ ይሰጣችኋል። በ200 ሊትር ውሃ ላይ 1 ዲኬኤች ለማንሳት 6 ግራም ገደማ በቂ ነው። በአርኦ ውሃ አሟሙታችሁ ፓምፑ ፊት ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አታንሱ። ካልክቫሰር (የኖራ ውሃ) የምትወዱ ከሆናችሁ ደግሞ ለቤት ቀለም የሚሸጠውን ኖራ አታስቡት፣ ንጹሕ አይደለም።

ደረጃ 9፦ እንስሳቱ

መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎች፣ ከዛ በሰው እጅ የተራባ ጥንድ ክላውንፊሽ፣ ከዛ ማሽሩምና ሌዘር የሚባሉ ለስላሳ ኮራሎች። ታንግ ለዚህ መጠን ገንዳ አይሆንም፣ አትለምኑኝ።

ከውጭ የሚመጣ ከረጢት ተነፍቶ ሊፈነዳ ቢመስል አትደንግጡ፣ ባሕር ጠለል ላይ የታሰረ አየር እዚህ ይሰፋል። ለሰዓታት በጠብታ ማላመድ የሚባለውን የድሮ ዘዴ ግን እርሱት። በመንገድ ላይ አሞኒያ ይጠራቀማል፣ ፒኤቹ ዝቅ ስላለ ብዙም አይጎዳም፤ ከረጢቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ፒኤቹ ይነሳል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። ከረጢቱን ሳትከፍቱ ሙቀቱን አመሳስሉ፣ ከፍታችሁ ጨዉን ለኩ፣ የለይቶ ማቆያውን (አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበትን ገንዳ) ውሃ ቀድማችሁ ለዛ መጠን አዘጋጁና ቶሎ አዛውሩ። የከረጢቱን ውሃ ድፉት።

ዓሣ ለብቻ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ነጭ ነጥብ የሚባለው የዓሣ በሽታ ዋናው ገንዳ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ዓሣ አውጥታችሁ ገንዳውን ከ45 እስከ 76 ቀን ያለ ዓሣ ማቆየት ነው መፍትሔው፣ መድኃኒቱ ኮፐር ኮራል ባለበት አይገባም። ኮራሉን ከማስገባታችሁ በፊት በኮራል ዲፕ (ተባይ ማጠቢያ ፈሳሽ) እጠቡ፣ ጓንት አድርጉ።

የድንጋይ አጽም ያላቸው ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛው አባሪ ላይ ናቸው፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ከሚላክበት አገር የወጪ ፈቃድ ሳይኖር ቦሌ ላይ ቢያዝ የሚሞተው ኮራሉ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሄዳችሁ የሚጠየቀውን ወረቀት አጣሩ። እስከዛው በለስላሶቹ ቆዩ። አልካሊኒቲው ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በተመሳሳይ ሰዓት እየተለካ፣ ከግማሽ ዲኬኤች በላይ ሳይወዛወዝ ሲቆይ ጠንካራውን እዘዙ።

ለቤተሰቡ የሚነገር

ፍሊት በዚህ ክፍል ውስጥ አይነፋም፣ ሽሪምፕ በረሮው ከሚሞትበት መጠን በታች ይሞታል። የአኳሪየሙ ባልዲ በላርጎ አይታጠብም፣ ላዩ ላይ በማርከር «ዓሣ» ብላችሁ ጻፉበት። ቅባት የተቀባ እጅ አይገባም።

ለፋሲካ ወይም ለገና ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ምግቡን ለየቀኑ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥራችሁ ተዉ፣ ቆርቆሮውን ደብቁት፤ ሰው ሲያዝን ያበዛል። ለሚጠብቅላችሁ ሰው ሦስት ነገር ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉለት፦ የመሙያው በርሜል ከግማሽ ሲወርድ ሙላ፣ መብራት ሲሄድ ባትሪው ላይ ያለው ፓምፕ መዞሩን እይ፣ የሞተ ዓሣ ካለ አውጣ። ሌላውን ሁሉ ስልክ ደውሎ ይጠይቃችሁ።